200 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ ለረጅም የብስክሌት ጉዞ መዘጋጀት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚኖር ብስክሌተኛ ሌላው ብዙ ከፍሎ የሚፈልገውን የልምምድ ቦታ ደጁ ላይ ያገኘዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ብርዱና ሙቀቱ በአንድ ቀን ውስጥ ይገኛል። የሚቀረን በሥርዓት መዘጋጀት ነው።

የማወራው ስለ ውድድር አይደለም። በውድድሩ ኢትዮጵያ ታሪክ አላት። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞቿን አሰልፋለች። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ መመሪያ ግን ሥራ ላለው፣ ቤተሰብ ላለው፣ በአንድ ቀን 200 ኪሎ ሜትር ነድቶ በሰላም ቤቱ መግባት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ፈረንሳዮች ይህን ዓይነቱን ጉዞ ብረቬ ይሉታል። አንደኛ የወጣ አይሸለምም። ደንቡ በተሰጠው ሰዓት ውስጥ መጨረስ ብቻ ነው። ለ200 ኪሎ ሜትር 13 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ለ300 ኪሎ ሜትር 20 ሰዓት፣ ለ400 ኪሎ ሜትር 27፣ ለ600 ኪሎ ሜትር ደግሞ 40 ሰዓት። የዚህ ሁሉ ቁንጮ በየአራት ዓመቱ ከፓሪስ ተነስቶ ብሬስት ደርሶ የሚመለሰው 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። ለእሱ 90 ሰዓት ይፈቀዳል።

እስቲ 13 ሰዓት ተኩሉን አስሉት። ምሳውን፣ ጎማ ጥገናውን፣ ዕረፍቱን ሁሉ ጨምሮ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ፍጥነት ለብዙ ጤነኛ ሰው የሚቻል ነው። ከባዱ ነገር ቀኑን ሙሉ መቀጠሉ ነው። ረጅም ጉዞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው። ሰው እግሩ ትኩስ ሆኖ ይሮጣል፣ ስላልራበው አይበላም፣ ብርድ ስለሆነ አይጠጣም። ዕዳው ከሰዓት በኋላ ዳገት ላይ ይከፈላል። ከታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

አንደኛ፦ ወሩን ምረጡ

ሐምሌና ነሐሴ አይታሰብም። ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ጉሙም አለ። ሾፌር እናንተን የሚያያችሁ አጠገባችሁ ከደረሰ በኋላ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል። ለእኔ ጥሩው ጊዜ ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነው። የደሴ ብርድ ጠዋት ላይ ቢቆነድድም በልብስ ይቻላል።

ስለዚህ ልምምዱን ጥቅምት አጋማሽ ላይ ብትጀምሩ 12 ሳምንት ታገኛላችሁ። ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ትጓዛላችሁ።

ሁለተኛ፦ ሐኪም ዘንድ ጎራ በሉ

በተለይ ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ፣ ወይም ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም በቤተሰብ ካለ። ደረት ላይ የሚይዝ ሕመም ወይም ማዞር የሚሰማው ሰው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት መታየት አለበት። ይህን ማለፍ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ ሳይክሉን ለራሳችሁ ልክ አድርጉ

ውድ ሳይክል አያስፈልግም። በከተማችን የሚበዛው ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ሳይክል ነው፤ እሱም 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩለት፤ ጎማውን። ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ ጉልበት ይበላል። ለስላሳ ጎማ ሲገባለት ሌላ ሳይክል የያዛችሁ ይመስላችኋል። ባላችሁ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ይህን ግዙ።

ቀጥሎ የመቀመጫው ከፍታ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ሳይክሉ ላይ ውጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን ወደ ታች መጨረሻ አውርዱት። ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ ከእግር ጣት ሥር ያለውን ክፍል ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል። ልኩ ይኸው ነው። አብዛኛው ሰው መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው፤ እግሩ መሬት እንዲነካለት ስለሚፈልግ። ለገበያ መሄጃ ይሆናል፣ ለረጅም መንገድ ግን ጉልበት ይጨርሳል።

ሰውነታችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ጉልበታችሁን ፊት ለፊት ካመማችሁ መቀመጫው ዝቅ ብሏል። ከኋላ ካመማችሁ ከፍ ብሏል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ አንቀሳቅሱና ሁለት ሦስት ቀን ሞክሩት። እጃችሁ ከደነዘዘ ወይ መሪው በጣም ዝቅ ብሏል፣ ወይ እጃችሁን አንድ ቦታ ላይ አቆይታችሁታል።

ካቴናውን ለኩት። ማስመሪያ ያዙና ከአንድ ፒን ጀምራችሁ 24 ክፍተት ቁጠሩ። አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 30.7 ከደረሰ ይቀየር፤ አለዚያ ጥርሶቹንም ይዟቸው ይሄዳል። ዘይት በጥቂቱ ቀቡትና በጨርቅ ጥረጉት። ከላይ የቀረ ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

የፍሬን ጎማ ላይ አትቆጥቡ። ከደሴ ቁልቁል የሚሄድ ሰው በጠፍጣፋ ከተማ ከሚነዳ ሰው እጅግ የበለጠ ፍሬን ይጨርሳል። ጎማው ላይ ያለው መስመር ከጠፋ ቀይሩት። ገመዱ ጫፍ ላይ መበጣጠስ ከጀመረም እንደዚያው።

አሁን ስለ ቫልቭ። ይህን ብዙ ሰው የሚያስበው መንገድ ላይ ሲቸገር ነው። ከመነዳሪው እንደ መኪና ያለ ወፍራም ቫልቭ ካለው የትም ጎሚስታ ይሞላላችኋል። ሐርቡ ላይም ከሚሴ ላይም ችግር የለም። ቀጭኑ ቫልቭ ከሆነ ግን የጎሚስታው መንፊያ አይገባለትም። ትንሿን ማገናኛ ገዝታችሁ ኪስ ውስጥ አኑሩ፣ ወይም የራሳችሁን የእጅ መንፊያ ያዙ። ጎሚስታ ጋር ስትሞሉም ቀስ እያለ እንዲሰጠው ንገሩት። ለሲኖትራክ የተሠራ ኮምፕረሰር የሳይክል ጎማን በሰከንዶች ያፈነዳል። ስንት ግፊት እንደሚችል ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። እስከ መጨረሻው አትሙሉት።

የምትይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማጣበቂያና ቁራጭ ጎማ፣ ጎማ ማውጫ፣ መንፊያ፣ ለሳይክላችሁ ብሎኖች የሚሆኑ ቁልፎች፣ ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያና ፕላስተር። ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ የኋላውን ጎማ ፈታችሁ፣ ቀይራችሁ ግጠሙ። ከዚያ ደግማችሁ ሥሩት። መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ የሚማሩት ነገር አይደለም።

አራተኛ፦ 12ቱ ሳምንታት

በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። ሁለት ቀን ከሥራ በፊት ወይም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል። አንድ ቀን ዳገት። ቅዳሜ ወይም እሁድ ደግሞ ረጅሙ። ከአራቱ ዋናው ረጅሙ ነው። ሌላው ቢያመልጣችሁ ይህን አታስመልጡ።

ረጅሙ ቀን እንዲህ ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 40፣ 50፣ ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር። በአራተኛው ወደ 40 ተመለሱ። ከዚያ 75፣ 90፣ 100። በስምንተኛው እንደገና 50። በዘጠነኛው 120፣ በአሥረኛው 140 ወይም 150። በአሥራ አንደኛው 60። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ጉዞው ነው። በየአራት ሳምንቱ ያለው ቅናሽ ለስንፍና አይደለም። እግር የሚጠነክረው በሚያርፍበት ጊዜ ነው። 150 የነዳ ሰው በቀኑ 200 ይነዳል፣ ስለዚህ በልምምድ 200 መሙላት አያስፈልግም።

በምን ያህል ጉልበት? መለኪያው ወሬ ነው። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። በቃላት መካከል የምትተነፍሱ ከሆነ ቀንሱ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ዘፈን አንጎራጉሩ፤ መንዙማም ይሁን መዝሙር፣ ድምፃችሁ ካልተቆረጠ ደህና ናችሁ።

የት ልንዳ ለሚል፦ ደሴ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ነው። የ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት ያ ሜዳ ለጀማሪ የሚመች ቦታ ነው፤ ዝርግ፣ አየሩም ንጹሕ። ሲሻላችሁ ኩታበር ድረስ ቀጥሉ። ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃው ቁልቁለት ስለሚበዛው ያታልላል፤ ከባዱ መመለሻው ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ወደ ሐርቡ ያለው መንገድ ለጠዋት ልምምድ ይመቻል። ባቲ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙቀት መልመድ የምትፈልጉ እዚያ ሂዱ። ሰኞ ግን አትሂዱ። የባቲ ገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በግመል፣ በፍየልና በአይሱዙ ይሞላል።

አምስተኛ፦ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ተማሩ

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ የዚህ ሁሉ ዝግጅት ልብ ነው። ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣላችሁ። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ከላይ ስትደርሱ ትንፋሽ ማጠሩ የድክመት ምልክት አይደለም።

ዳገቱ ሳይጀምር ቀላል ማርሽ ውስጥ ግቡ። መሀል ላይ ስትቀይሩ ካቴና ይወጣል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 እስከ 70 ጊዜ ለማዞር ሞክሩ፤ ሜዳ ላይ ደግሞ 80 እስከ 90። በከባድ ማርሽ እየጨፈለቁ መውጣት ጉልበት ላይ ያለውን መገጣጠሚያ ይጎዳል። ተቀምጣችሁ ውጡ። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ጀርባ ለማፍታታት፣ ቆማችሁ ጥቂት ዙሩ። መንገድ ዳር ያሉት ሰዎች «አብሽሩ!» ይሏችኋል። እሱን ተቀበሉና በራሳችሁ ፍጥነት ቀጥሉ። ሰው ስላየን ብሎ መሮጥ ብዙዎችን ከመሀል አስቀርቷል።

የጭነት መኪና ጀርባ ይዞ ዳገት መውጣትን ልጆቻችን ይወዱታል። አታድርጉት፤ ሲያደርጉ ካያችሁም ተቆጡ። መኪናው ጉድጓድ ሲያልፍ እናንተ አታዩትም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሬን ያለማቋረጥ አትያዙ። ቸርኬው ይግላል፣ ሙቀቱ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ አድርጉ፤ ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሙ። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደርስ ነው። ኩርባው ውስጥ የውጩ ፔዳል ወደ ታች፣ ዓይን ወደ መውጫው። ከፊታችሁ የተጫነ መኪና ካለ ርቀት ጠብቁ። ከጅቡቲ በባቲ በኩል ወደ ደረቅ ወደቡ የሚመጣ ከባድ መኪና በዚህ አካባቢ ሁልጊዜ አለ። ሾፌሩም በፍሬን ተጠምዷል።

ከላይ ላባችሁ ሳይደርቅ አትውረዱ። ደሴ ላይ ላብ ያረጠበው ልብስ ቁልቁለት ላይ በረዶ ይሆናል። ጃኬት ደርቡ። ጃኬት ከሌለ ጋዜጣ ደረታችሁ ላይ ከሸሚዝ ሥር አስገቡ። የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፤ ንፋሱን በደንብ ይመልሳል።

ስድስተኛ፦ ምግብና መጠጥ

የሚበዛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሰውነት ውስጥ የተከማቸው የስኳር ጉልበት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምትነዱት በበላችሁት ነው። ለጀማሪ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበቃል። ሆዱ የለመደ ሰው እስከ 90 ይደርሳል።

ጥሩው ዜና ወሎ ውስጥ የስፖርት ምግብ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። በሶ አለን። 100 ግራም በሶ ወደ 70 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው፦ 100 ግራም በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን በአንድ ጉርሻ ልክ ድብልብል አድርጉና በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልሉ። ይህ ወደ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል፤ ለሁለት ሰዓት ይበቃል። ዳገት ላይ ማኘክ ለሚከብደው በሶውን በጥብጦ በጠርሙስ መያዝ ይቻላል። ቅቤ ያለበት ጭኮ ጣፋጭ ነው፣ ግን ሆድ ውስጥ ይቆያል። እሱን ለረጅም ዕረፍት አቆዩት። ቆሎም እንደዚሁ፤ አፍ ያደርቃል፣ እየነዱ ማኘክም ያስቸግራል።

ሙዝ አንዱ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ተምር ኪስ ውስጥ አይበላሽም። ማርማላታ የተቀባ ዳቦም ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ጣፋጭ ሲሰለች ጨው ያለው ድንች ቅቅል ያድናል።

በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ትንሽ ብሉ። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉበት። ስልኩ ሲጮህ ባይርባችሁም ብሉ።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ነው። ከሚሴ አካባቢ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ላይኛው፣ ደሴ ላይ ወደ ታችኛው። ባዶ ውሃ ብቻ እየደጋገሙ መጠጣት ልክ አይደለም፤ በላብ የወጣው ጨው ካልተተካ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሲብስም አደገኛ ነው። በአንድ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ሁለት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢትም ለክፉ ቀን ያዙ። አንዱ በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል።

ድንገት እግራችሁ ቢከዳ፣ ብትንቀጠቀጡ፣ ያለ ምክንያት ብትበሳጩ ስኳራችሁ አልቋል ማለት ነው። ቁሙ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጡ፤ 30 ግራም አካባቢ ስኳር አለው። ሙዝና ዳቦ ጨምሩበት። ሩብ ሰዓት ጠብቁና ቀስ ብላችሁ ተነሱ።

ቡና ጥሩ ነው፣ ጠጡ። ጫት ግን ለዚህ አይሆንም። ንቁ ያደርገኛል ብሎ ቅሞ የሚወጣ አለ። ጫት ረሃብን ያጠፋል፣ የልብ ምትን ይጨምራል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። መብላት ግድ በሆነበት ቀን የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ ነገር ምን ይሠራል? ለአንድ ሳምንት ተዉት።

የጉዞው ዋዜማ ላይ ጥሬ ሥጋና በርበሬ የበዛበት ወጥ ይቅር። ፓስታ፣ ሩዝ፣ እንጀራ በአልጫ፣ በጊዜ ተበልቶ በጊዜ ይተኛ። በቀኑ የምትበሉትን ሁሉ አስቀድማችሁ በረጅሙ የልምምድ ቀን ሞክሩት።

ሰባተኛ፦ ጾም ሲገባ

በእኛ አገር ይህን ያላካተተ ዕቅድ አይሠራም። ከላይ ያስቀመጥኩት ጊዜ ከገና ጾም ጋር ይገጣጠማል። ችግር የለውም። በሶ፣ ተምር፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ምስር ሁሉም የጾም ምግብ ነው። ረጅሙን ቀን ቅዳሜ አድርጉት፤ ያን ዕለት እስከ ቀን ሳይበሉ መቆየት የለም። በሌላው ቀን የምትቆዩ ከሆነ ልምምዱን ከምትበሉበት ሰዓት በኋላ አድርጉ።

ረመዳን ላይ ግን ረጅም ልምምድ በቀን አይደረግም። ውሃ ሳይጠጡ ሦስት አራት ሰዓት መንዳት ለኩላሊትም ለልብም ጥሩ አይደለም። ኢፍጣር ሊደርስ ሲል 40 ደቂቃ ቀለል አድርጋችሁ ንዱ፤ እግር እንዳይረሳ ያህል። ዕቅዱን ከዒድ በኋላ ቀጥሉ። አብሮ የሚነዳ ጓደኛ ጾመኛ ከሆነ ሌላውም ለእሱ ሲል ቀኑን ያዛውር። ወሎ ላይ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ስምንተኛ፦ ልብስ

ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ከተገኘ ግዙ፤ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም፣ ስፌቱ ነው የሚያቆስለው። የሚፋተገው ቦታ ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ቁምጣ ለብሶ መውጣት የማይመቸው፣ በተለይ ሴቶች፣ ከላይ ሰፋ ያለ ሱሪ ይደርቡ። የቀኝ እግሩን ጫፍ በላስቲክ እሰሩት፤ ካቴና እንዳይዘው። ሂጃብ ወይም ሻሽ ከሄልሜት ሥር በቀጭኑ ይታሰር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ይግባ። ሄልሜት የሌለው ሰው አይሂድ። አንጸባራቂ ጃኬትም እንዲሁ ግዴታ ነው።

ዘጠነኛ፦ መንገዱን ጠይቁ፣ ቀኑን ከፋፍሉ

በዋዜማው መናኸሪያ ሂዱ። ከከሚሴና ከሐይቅ የገቡትን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ጠይቁ። ሰላም ነው ወይ፣ ኬላ የት ነው፣ የተቆፈረ ቦታ አለ ወይ። የመንገድ ወሬ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ለሌላ ሳምንት ይቆይ። ሳይክሉም መንገዱም አይሄዱባችሁም። መታወቂያ ያዙ። ቴሌብር ቢኖርም ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላልና ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ይኑር። ስንት ሰዓት የት እንደምትሆኑ ለአንድ ሰው ጽፋችሁ ስጡ።

እኔ የምመክረው መስመር ከኮምቦልቻ የሚነሳ ነው። ሙቀቱ ሳይመጣ ቆላውን መጨረስ፣ ፀሐይ ስትበረታ ወደ ደጋው መውጣት። ደሴ ያላችሁ ማታውኑ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ እደሩ። አጎበር ያለበት ቤት ይሁን፤ ወባ አለ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መብራት አብርታችሁ ተነሱ። በሐርቡ አድርጋችሁ ከሚሴን 8 ኪሎ ሜትር ያህል አልፋችሁ ተመለሱ፤ መመለሻው ቦታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርሱ ደህና ነው። መሄጃው ወደ ታች ስለሆነ እዚህ ነው መሮጥ የሚያምረው። አትሩጡ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ኮምቦልቻ፤ 116 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችኋል። ግማሽ ሰዓት አርፋችሁ ምሳ ብሉ። ከዚያ ሐረጎ። 8 ሰዓት ላይ ደሴ። ሩብ ሰዓት ብቻ ቁሙ፤ ቤት ግን አትግቡ፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠ አይነሳም። 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ሐይቅ። ውሃ ሞልታችሁ ወዲያው ተመለሱ። 12 ሰዓት ደሴ። በድምሩ 200 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት። የመጠባበቂያ ግማሽ ሰዓት ተርፏችኋል።

እነዚህን ሰዓቶች ወረቀት ላይ ጻፉና መሪው ላይ በፕላስተር ለጥፉ። የሌሊት እንቅስቃሴ ገደብ ካለ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱና ደሴ ላይ አብቁ። 140 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትልቅ ቀን ነው።

በቡድን የምትሄዱ ከሆነ የፊተኛው «ጉድጓድ!» «ፍየል!» እያለ ይጩህ። በየ10 ደቂቃው ተቀያየሩ። ፊት ያለው ንፋሱን ይችላል፣ ኋላ ያለው ያርፋል። የሚጠበቀው ፍጥነት የደካማው ነው። ጆሮ ላይ ማዳመጫ አይደረግም። ጠዋት ውሻ ከመጣ ወርዳችሁ ሳይክሉን በመካከል አድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ ይተዋችኋል። ልጆች ሲሮጡ ሰላም በሏቸው፤ ሰላም የተባለ ልጅ ድንጋይ አያነሳም።

ማቆም ያለባችሁ ጊዜም አለ። የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት፣ በሙቀት መሀል ላብ መቆም፣ ቡና የመሰለ ሽንት፣ እየጨመረ የሚሄድ የጉልበት ሕመም። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ሚኒባስ አስቁሙ፣ ሳይክሉን ጣሪያ ላይ ጫኑ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ።

አሥረኛ፦ የመጨረሻው ሳምንትና ከጉዞው በኋላ

በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት የምትነዱትን በግማሽ ቀንሱ። አዲስ ጫማ፣ አዲስ መቀመጫ፣ አዲስ ምግብ አይሞከርም። ከዋዜማው እንቅልፍ ይልቅ ከዚያ በፊት ያለው ሌሊት ይበልጥ ይጠቅማል። በዋዜማው እንቅልፍ እምቢ ቢላችሁ አትጨነቁ።

ጨርሳችሁ ስትገቡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብሉ፤ እንጀራ፣ ምስር፣ የማይጾም ከሆነ እንቁላል ወይም ሥጋ። በማግስቱ ተኝታችሁ አትዋሉ፤ በእግር ፒያሳ ደርሳችሁ ተመለሱ። ለሁለት ሦስት ቀን ሳይክል ላይ አትውጡ። ሳይክሉን ግን በዚያው ሳምንት እጠቡት፣ ካቴናውን ለኩት፣ የፍሬኑን ጎማ እዩት።

ለ300 ኪሎ ሜትር ከማሰባችሁ በፊት አንድ ወር ቆዩ። ደሴ–ወልዲያ ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና መሸጋገሪያ ይሆናል። 300ው ግን ጨለማ ውስጥ መንዳትን ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ሁለት የኋላ መብራት ግዙ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲቀር።